የአባቴና የአጎቴ አንጎል በሁለት ማሽን

አባቴና አጎቴ በእርጅናቸው የተኳረፉት በእኔ አፍ ምክንያት ነው። የድንበር ጠብ አልነበራቸውም፤ የሚካፈሉት ውርስም የለም። የተጣሉት በአንጎላቸው ነው።

አባቴ ቢቸና የቅኔ መምህር ናቸው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሞጣ ሒሳብ አስተምረው፣ በኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው። ሁለቱ በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ አንድ ጎጆ ውስጥ ተጠግተው ቅኔ ተምረዋል። አጎቴ መንገድ ላይ ቅኔውን ተዉና አስኳላ ገቡ፤ አባቴ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በሠርግም ሆነ በለቅሶ በተገናኙ ቁጥር መነካካት ልማዳቸው ነው። አባቴ "ይህ ሰው ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እንኳ ሳይሞላለት የሸሸ ነው" ይላሉ። አጎቴ ደግሞ "እኔ ብቆይ ኖሮ ዛሬ እሱ ደቀ መዝሙሬ ነበር" ይላሉ። ሁለቱም ይህን የሚሉት በልተው ጠጥተው፣ እየሳቁ ነበር። ሳቁ የቀረው እኔ ከገባሁበት በኋላ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በአንድ የምርመራ ማዕከል ኤም አር አይ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። አብራን የምትሠራ አንዲት ሐኪም ጥናት ጀመረች። ጥያቄዋ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ አንድ ጤነኛ ሰው ዛሬ በእኛ ማሽን ገብቶ አንጎሉ ቢለካ፣ ነገ ደግሞ ከተማው ውስጥ ሌላ ቦታ ባለ በሌላ ማሽን ቢለካ፣ ውጤቱ አንድ ይሆናል ወይ? የሚለካው የውሃ እንቅስቃሴ ነው። አንጎላችን ውስጥ ያለው ውሃ ቆሞ አይውልም፤ ይንቀዋለላል። የነርቭ ክሮች ባሉበት ግን እንደ ልቡ መሄድ አይችልም፤ ቦይ እንደገባ ውሃ ክሩን ተከትሎ ይወርዳል። ማሽኑ ያንን አካሄድ ያያል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ በዜሮና በአንድ መካከል የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የጉብዝና ማርክ አይደለም። ይህንን ዓረፍተ ነገር በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ጤነኛ ሰዎች ጠፉባት። "ከዘመድ የለሽም?" አለችኝ። አጎቴ መነጽር ሊያሠሩ ሊመጡ ነበር፤ አባቴም የታመመ የቀድሞ ተማሪያቸውን ሊጠይቁ። ሁለቱን አስመዘገብኳቸው። እያንዳንዳቸው በሁለቱም ማሽን መግባት ነበረባቸው። ነገር ግን አጎቴ አዲሱ የእኛ ማሽን ውስጥ ገብተው እንደወጡ መነጽራቸው ደረሰላቸውና "ቀሪውን ሌላ ጊዜ" ብለው ሞጣ ገቡ። አባቴ በመጡ ሰሞን ደግሞ የእኛው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር በሌላው ቦታ ባለው በአሮጌው ብቻ ተለኩና ተመለሱ። እንግዲህ አንዱ በአዲሱ፣ አንዱ በአሮጌው። ጥናቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አጎቴ ደወሉ።

"የእኔ ነገር እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነዎት ጋሼ። ምንም አልተገኘም።"

"ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም አልተገኘም?"

"ችግር አልተገኘም ለማለት ነው።"

"ቁጥር አለው ብለሽኝ አልነበር?"

"የታካሚን ምስጢር መናገር ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱን እያነበብኩ ቁጥራቸውን ነገርኳቸው። "የአባትሽስ?" አሉ። እሱንም ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ አጎቴ ሲጠይቁ ተማሪ ያደርጉሻል፣ ሳትመልሺ መቀመጥ አይቻልም።

ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ ሲቀንሱ ሰማሁ። ከዚያ፦

"እንግዲያውስ በሦስት በልጬዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ሦስቱ እኮ ከነጥብ በኋላ ያለ ነገር ነው። ደግሞም ማሽኑ የተለያየ ስለሆነ..."

"ሦስት ሦስት ነው" አሉና ዘጉት። የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ሲል ምን ይባላል?

ወሬው ሞጣን ለመዞር ሁለት ቀን በቃው። በመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሩ የኔታን በሦስት በለጡ ተባለ። በሁለተኛው ቀን በሦስት እጥፍ ሆነ። ቅዳሜ የሞጣን ገበያ የወጣ የቢቸና ነጋዴ ወሬውን ከሸቀጡ ጋር ጭኖ ቢቸና አስገባው፤ እዚያ ሲደርስ የአዲስ አበባ ሐኪሞች የአጎቴን አንጎል ሊያስተምሩበት ለምነው እንደነበር ተጨምሮበታል።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች።

"አባትሽ ጉባኤ ካልዘረጉ ሰነበቱ" አለችኝ። "ተማሪዎቹ ደጅ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። እሳቸው ጓሮ ገብተው ጎመን ያርማሉ።"

"ጎመን?"

"አዎ ጎመን። በዕድሜአቸው አርመው አያውቁም። አረሙን እየተዉ ጎመኑን ነው የሚነቅሉት።"

ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ዓባይን ተሻግሬ ከደጀን ወደ ቢቸና ስገባ ገና ቀን ነበር። ከመናኸሪያው የያዝኩት የባጃጅ ሾፌር በመስተዋቱ ሲያየኝ ቆየና "የየኔታ ልጅ ነሽ አይደል? የማሽኗ?" አለኝ። ማፈሬን አይቶ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

አባቴ እውነትም ጓሮ ናቸው። ጥምጣማቸውን አውልቀው፣ ጋቢአቸውን ወገባቸው ላይ አገልድመው ጎንበስ ብለዋል። ተማሪዎቹ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩአቸዋል። የመምህራቸውን መላጣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ብዙዎች ነበሩ።

"መጣሽ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"መጣሁ አባባ።"

"ማሽኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"እሱማ ምን ይሆናል።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የማውቀውን ሁሉ አስረዳሁ። ማሽኖቹ የተሠሩበት ዘመን የተለያየ መሆኑን፣ የማግኔታቸው ጉልበት እኩል አለመሆኑን፣ ከራስ ላይ የሚደፋው መሣሪያቸው እንኳ አንድ አለመሆኑን፣ ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር ማስተያየት እንደማይገባ ተናገርኩ። ቁጥሩ የጉብዝና ማርክ አይደለም የሚለውንም ጨመርኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ልጅ አባቷን ስታጽናና ደስ ይላል" አሉ።

"ማጽናናት አይደለም አባባ፤ እውነቱ ነው።"

ያን ጊዜ እጃቸውን ከአፈሩ አራግፈው ቀና አሉ። ወደ አጥሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ባለፈው በዓል ላይ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ስቀኝ ሰባተኛው ቤት ላይ ጠፋኝ። ሕዝቡ ቆሟል፣ ካህናቱ አፌን ያያሉ፤ እኔ ባዶ። አሳለኝ ብዬ ሳልኩ። ሳሉ እስኪያልቅ መጣልኝ። ማንም አላወቀብኝም፤ እናትሽም ጭምር። ያወቀብኝ ማሽኑ ብቻ ነው።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን እንደ ሁለት ሽማግሌዎች ፉክክር ነበር የማየው። እኔ በስልክ የረጨሁት ቁጥር አባቴ በልባቸው የደበቁትን ፍርሃት ሄዶ እንዳገኘው ሳውቅ የምገባበት ጠፋኝ። "አንድ ጊዜ መርሳት ማንም ይረሳል" አልኳቸው። ጎመን ነቀሉ።

የታደገችኝ እናቴ ናት። የምንለውን ከኩሽና በር ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ ቁና ይዛ ወጣች።

"ይህ ምንድን ነው?" አለቻቸው።

"ቁና ነዋ" አሉ አባቴ።

"አምና ወንድሜ ከሞጣ ዐሥር ቁና ነጭ ጤፍ ሰፍሮ ላከልን። እኔ በዚህ ስሰፍረው ዘጠኝ ሆነ። አንዱ ቁና የት ሄደ?"

"ወንድምሽ ቆርጦ አስቀረዋ!"

"ሲሰፍር ሚስቱ ቆማ ቆጥራለች፤ የጆንያውም ስፌት አልተነካም። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ የእሱ ቁና ትንሽ ነው እንጂ! የእርስዎን ጭንቅላት በአንድ ቁና ሰፈሩ፣ የወንድሜን ጭንቅላት በሌላ ቁና ሰፈሩ። ልጅቱ የምትለው ይህንን ነው፤ እንግሊዝኛ ስለበዛባት አልወጣላት አለ።"

እኔ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

አባቴ ቁናውን ተቀብለው ገለበጡት፣ ውስጡን አዩት። ከዚያ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ የክርክር ሰው ወዝ መጣ።

"እንግዲያው የእሱን ጭንቅላት በእኔ ቁና ይስፈሩልኝ" አሉ። "የእኔንም በእሱ።"

ሐኪሟ ጥናቱን ስታቅድ ገጽ ሙሉ የጻፈችበትን ነገር አባቴ ጎመን መደብ ላይ ቆመው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

በማግስቱ ሦስታችንም ሞጣ ለመሄድ ሚኒባስ ያዝን። እናቴ ቁናዋን ይዛ ካልሄድኩ ብላ በብዙ ልመና አስቀረናት፤ ቁናዋን ማለቴ ነው። ደብረ ወርቅ ስንደርስ አባቴ በመስኮቱ ጣታቸውን ቀሰሩና "ጎጆአችን እዚያ ጋ ነበረች። ጣሪያዋ ያፈሳል። ደረቁን ጥግ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚይዘው" አሉ። ከዚያ ጉንደ ወይን አልፈን አቧራው እስኪያለብሰን ድረስ የአጎቴን የወጣትነት ኃጢአት ሲዘረዝሩ፣ እናቴም ወንድሟን ስትከላከል ሞጣ ገባን።

የአጎቴ ሳሎን በር ላይ እግሬ ተገታ። ግድግዳው ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል በታች፣ ከጡረታ ምስክር ወረቀታቸው ጎን፣ አንጎላቸው በመስተዋት ተከቶ ተሰቅሏል። የነርቭ ክሮቹን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚያሳየውን ምስል እንደ ማስታወሻ አትሜ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ።

አጎቴ ቆመው ተቀበሉን። "እንኳን ደህና መጣህ" ብለው አባቴን ሳሟቸውና ምስሉ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሌላ ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር።

አባቴ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስድብ እየጠበቅን ሳለ "እንደ ብራና ሐረግ ያምራል" አሉ። ከልባቸው ነበር። አጎቴ ለዚህ አልተዘጋጁም፤ "ብላ እንጂ፣ ጠጣ" አሉ።

ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ አባቴ ነገሩን አመጡት። "ያንተ በአዲሱ ማሽን ነው የተለካው። እኔ በገባሁበት ገብተህ ውጣና እንተያይ።"

"ለምን ብዬ? ያረጀ ማሽን ያረጀ ነገር ነው የሚያየው።"

"ፈራህ።"

"እኔ? እኔ ነኝ የምፈራው?"

"በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ወዳጄ።"

"አይፈሩም" አለች የአጎቴ ሚስት ሰሃኑን እያነሳች። "የሚፈራ ሰውማ ዛሬ ጠዋት መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰክቶ እያለ ቤት ሙሉ ሰው ለፍለጋ አያሯሩጥም ነበር።" እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አጎቴ ሚስታቸውን አዩ፣ ምስሉን አዩ፣ ከዚያ "መቼ ነው የምንሄደው?" አሉ።

አዲስ አበባ አንድ ላይ ወረድን፤ እናቴም "እነዚህን ሁለቱን ብቻቸውን አልለቅም" ብላ ተከተለች። በመጀመሪያ አጎቴን አሮጌው ማሽን ጋ ወሰድኳቸው። ውስጥ ሆኖ የሚጨነቅ ሰው የሚጨምቀው የላስቲክ ኳስ እንሰጣለን። አጎቴ ገና ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ ጨመቁት። ማሽኑን አስቁመን እየሮጥን ገባን።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ስንት ደረሰ?"

ገና አልተሰላም፣ ደግሞም ሲናገሩ ራስዎ ይነቃነቃልና ምስሉ ይበላሻል ብለን ለምነን መልሰን አስገባናቸው። እንደገና ጨመቁ። በዚህኛው ጊዜ የጠየቁት አባቴ ውስጥ ሳሉ ጨምቀው እንደሆነ ነበር። አልጨመቁም ስንላቸው እንደ ግንድ ተጋድመው ጨረሱ።

አባቴ በማግስቱ በእኛው አዲሱ ማሽን ገቡ። የአንገት መስቀላቸውን አስወልቄ ለእናቴ ሰጠሁ። ማሽኑ ሲጀምር የታወቀ ነው፤ ይንቋቋል፣ ያፏጫል፣ ሰው በር የሚደበድብ ይመስላል። እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኜ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ምስሉ ንጹሕ ነው፤ ራሳቸው ቅንጣት አልተነቃነቀም። በማይክሮፎኑ "ደህና ነዎት አባባ?" ስላቸው ግን አይመልሱም። ሁለት ጊዜ ጠራኋቸው። ማሽኑን ላስቆም እጄን ስሰድ "ዝም በይኝ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ነኝ" የሚል ቁጣ መጣ።

ወጥተው ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ኮሪደሩ ላይ አጎቴን ፈለጉ። እዚያው፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እያዩ፣ ማሽኑ ውስጥ ተጋድመው በልባቸው የቆጠሩትን መወድስ ስምንቱንም ቤት አሰሙ። ሰሙ ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ሲሆን፣ ወርቁ እሳቸው ራሳቸው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ናቸው፤ ዓሣው ነቢዩን ዋጠው እንጂ ምን እንደተሸከመ አልመዘነውም ነው የሚለው። ግእዙ የገባቸው ምናልባት ሁለት ሰዎች ናቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ "ሰባተኛውን ድገመው" አሉ። አባቴ ያለ ሳል ደገሙት።

"ሞልቷል" አሉ አጎቴ። "ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ቃል ላልታ ቤቱን አጉድላዋለች" ሲሉ ጨመሩ።

"የት ታውቀዋለህ አንተ?"

"ደረቁ ጥግ ላይ ተኝቼ ነው የተማርኩት።"

ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥሩ የጠየቀኝ ባይኖር ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ጠየቁ። ውጤቱን ይዤ ቢቸና የሄድኩት ለበዓል ነው፤ አጎቴም ከሞጣ መጥተው ነበር። አባቴ ጉባኤያቸውን ከዘረጉ ሰንብተዋል፤ የተረፈውም ጎመን አንሰራርቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በዚህ ጊዜ በጥንቃቄ ነገርኳቸው። አጎቴ አሮጌው ማሽን ውስጥ ሲገቡ ቁጥራቸው ወረደ። አባቴ አዲሱ ውስጥ ሲገቡ ወጣ። በአንድ ማሽን የተለካውን ከዚያው ማሽን ጋር ብናስተያይ በሁለቱ ሰዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነቱ ያለው በማሽኖቹ መካከል ነው። የሌሎቹም በጎ ፈቃደኞች እንደዚያው ሆኖ ነበር፤ ሐኪሟም አሁን የአንዱን ልክ ወደ ሌላው ለመመለስ ስሌት እየሠራች ነው አልኳቸው።

ያረካቸው መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ፊታቸው ወደቀ።

"እኩል ነን ማለት ነው?" አሉ አጎቴ።

"ከእሱ ጋር?" አሉ አባቴ።

"በመለኪያው በኩል፣ አዎ።"

ተያዩ። "ይህማ ማሽኑ አይረባም ማለት ነው" አሉ አጎቴ። "የፈረንጅ ነገር" አሉ አባቴ። ከዓመታት በኋላ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን አየኋቸው። ከሰዓቱን ሙሉ ማሽኖቹን ሲያሙ ዋሉ፤ አሮጌው ይጮኻል፣ አዲሱ ይበርዳል፤ ደግሞ ሰው ከገባ በኋላ ስንት እንደደረሰ አይነግርም።

በመካከል እናቴ ጠላ ልትቀዳ ስትገባ አጎቴ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "ይህቺስ? አዲስ አበባ አብራን ሰንብታ የለ? ያን ቀን እኛ ኮሪደሩ ላይ ስንቀኝ የት ነበረች?"

የነበረችው ማሽኑ ውስጥ ነው። ሐኪሟ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቀርቶባት እናቴን "እማማ፣ አንቺስ?" ስትላት እሺ ብላ ገባች። በሁለቱም ማሽን ተለክታለች፤ ኳስ አልጨመቀችም፣ አልተቀኘችም። አሮጌው ውስጥ እንዲያውም እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

"ስንት ሆነላት?" አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። እኔ የሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሰብኩና "ምስጢር ነው" አልኩ።

"ፊቷን እየው፣ ትስቃለች" አሉ አጎቴ ወደ እኔ እያመለከቱ። "ሳቋን አየኸው?"

"አየሁት" አሉ አባቴ። "ይህች ልጅ የምታውቀው ነገር አለ።"

እናቴ ጠላውን ቀድታ ጨረሰች። ቁጥሯን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። እነሱ ግን በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ አንዳንዴ ተራ በተራ፣ አንዳንዴ አንድ ላይ ሆነው።